አሮጌው መስጂድ የማን አማና ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎቻችንና ስለ ጥንታዊ ቅርሶቻችን ጥበቃ ነው። ርዕሱን ስትሰሙ «ይሄማ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የቱሪስት ጉዳይ ነው» ብላችሁ ሬዲዮውን ለመዝጋት አትቸኩሉ። ጉዳዩ የሚጀምረው ከደጃፋችሁ፣ ከሰፈራችሁ መስጂድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወሎ ገጠር የሚገኝን አንድ መስጂድ ለማሳደስ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። እኔም የአቅሜን አዋጣሁ። መስጂዱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያውን ወፋፍራም የጽድ ምሰሶዎች የተሸከሙት አሮጌ ቤት ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስሳል፤ ጀመዓውም በዝቶ ለጁምዓ የሚበቃ አልሆነም። ችግሩ እውነተኛ ነበር። ሥራው አልቆ ለምርቃት ስንሄድ በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ማሻአላህ፣ ሰፊ መስጂድ ቆሞ አገኘን። አሮጌው ግን በቦታው የለም።

ሰግደን ስንወጣ አንድ አባት እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከማገዶ ክምር መካከል አንድ የተጠረበ ግንድ አሳዩኝ። በዐረብኛ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለበት፤ ግማሹን መጥረቢያ በልቶታል። «ልጄ፣ መስጂዱን ማን እንደሠራው፣ በስንት ዓመተ ሒጅራ እንደተሠራ የሚናገረው ይሄ ነበር። እንግዲህ በምን እናውቃለን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሥራ ላይ ክፉ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ኮሚቴው በኢኽላስ ነው የለፋው፤ ያዋጣነውም ሰዎች አጅር ፈልገን ነው ያዋጣነው። የጠፋው ነገር ግን ጠፋ። ያን ቀን የመጣብኝን ጥያቄ ነው ዛሬ ለእናንተ የማቀርበው። አሮጌው መስጂድ የማን ነበር? የኮሚቴው? የመንደሩ? የገንዘብ ሰጪው? ወይስ የመንግሥት?

አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። አማና ማለት በእጃችን ያለ፣ የኛ ያልሆነ ነገር ነው። እንጠቀምበታለን፣ እንጠብቀዋለን፣ ለሚገባውም እናስረክበዋለን። ቀደምት አባቶች ገንብተው የተዉልን ቤት እንዲህ ያለ አማና ነው። የሠሩት ሰዎች ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ወደፊት የሚሰግዱበት ልጆች ገና አልተወለዱም። በመካከል ያለነው እኛ ነን። ስለዚህ ባለቤት ነን ከማለት ባለ አደራ ነን ማለት ይቀለናል።

አንዳንድ ወንድሞች «ኢስላም ለድንጋይ አይጨነቅም፤ የመስጂድ ዋጋው ሶላቱ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ መስጂድ የሚያምረው በሰጋጁ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እንዳንረሳ። አንደኛ፣ ታሪካዊ ሕንፃ ምስክር ነው። ኢስላም ወደዚህ አገር ትናንት የመጣ እንግዳ የሚመስለው ሰው ሲገጥመን፣ በቃል ከምንከራከረው ይልቅ አንድ የቆመ ግድግዳና በላዩ የተጻፈ ዓመተ ሒጅራ የበለጠ ይናገራል። ምስክሩን በገዛ እጃችን ካፈረስነው ማንን እንጠራለን? ሁለተኛ፣ ዲናችን ራሱ ለሕዝብ የተተወ ቤት እንዴት እንደሚጠበቅ ሥርዓት አበጅቶለታል። እሱም ወቅፍ ነው።

የወቅፍ ነገር እንዲህ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ጥሩ መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ላድርገው ብለው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ነቢዩም መሬቱን ራሱን አስቀርተው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ ተደረገ። ከዚህ በመነሳት የፊቅህ ሊቃውንት ሰፊ ሕግ አወጡ። ወቅፉን የሚያስተዳድር ናዚር ይሾማል፤ ናዚሩም ቢያጠፋ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚገርመው አንድ ደንብ አላቸው፦ ከወቅፍ የሚገኝ ገቢ መጀመሪያ የሚወጣው ለራሱ ለወቅፉ ጥገና ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ድርሻቸውን የሚያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። ሰጪው ይህን በቃሉ ባይጠቅሰው እንኳ እንደጠቀሰው ይቆጠራል ያሉ ሊቃውንት አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣሪያው ከወደቀ ኢማሙም ደመወዝ አይኖረውም፣ ደረሳውም ማደሪያ አይኖረውም።

ይህ ሥርዓት በብዙ የሙስሊም አገሮች ሕንፃዎችን ለዘመናት አቁሟል። ገቢው ሲደርቅ ግን ሕንፃዎቹም ተጎዱ። በካይሮ የሆነውን እንመልከት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋ ጥንታዊ መስጂዶችና መድረሳዎች ብዙዎቹ ተጎሳቁለው ስለነበር፣ በ1881 እ.ኤ.አ. በግብፅ የወቅፍ መሥሪያ ቤት ሥር የዐረብ ጥበብ ቅርሶችን የሚጠብቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የሕንፃዎቹን ዝርዝር አወጣ፣ አስለካ፣ አስጠገነ። ዛሬ በካይሮ የምናያቸው ብዙ ጥንታዊ መስጂዶች እዚህ የደረሱት በዚያ ሥራ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ የናዚሩ ሥራ በከፊል ወደ መንግሥት ተላለፈ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በአገራችንም ለመስጂድ የተወቀፈ መሬትና ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የትርፍ ቤት አዋጆች ሲታወጁ እንዲህ ያለ ንብረት ከብዙ መስጂዶች እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመስጂድ ጥገና በአብዛኛው በመዋጮ ሆነ። መዋጮ ደግሞ ጠባይ አለው። ሰው ለአዲስ ሕንፃ በደስታ ያዋጣል፤ ለአሸንዳ ቅየራ ግን አያዋጣም። አዲስ ሕንፃ ላይ የሰጪው ስም ይጻፋል፤ በተደፈነ የጣሪያ ቀዳዳ ላይ ግን ማን ስሙን ይጽፋል? እንግዲህ አሮጌው ሲያፈስስ ዝም ብለን ቆይተን፣ ሊወድቅ ሲል «ይፍረስና አዲስ ይሠራ» የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ መንግሥትስ ምን ኃላፊነት አለበት? በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ይህን በሁለት ቦታ አስቀምጦታል። አንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይገልጻል። አንቀጽ 91 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብትንና የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የሁሉም ዜጎች ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ «የመንግሥት» ብሎ አላቆመም።

የቅርስ ሕጋችንም ደረጃ በደረጃ ያደገ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አዋጅ ጥንታዊ ቅርስ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራ መስጂድም ሆነ የመኖሪያ ቤት በዚያ አዋጅ አይሸፈንም ማለት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ሌላ አዋጅ ተተካ። ቀጥሎ የመጣው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ትርጉሙን አሰፋው። በዚህ አዋጅ ቅርስ በግለሰብም፣ በሃይማኖት ተቋምም እጅ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ግን ተገቢውን እንክብካቤ እንዲያደርግ፣ ለማደስም ሆነ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ የማይንቀሳቀስን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው እንዳያነሳ ተደንግጓል። ጥገናው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊረዳ እንደሚችልም አዋጁ ጠቅሷል። መሬት ሲቆፍር ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው እንዲያሳውቅ ታዟል።

ይህን ያነሳሁት ሕግ ለማስተማር ብዬ አይደለም። የዚያ የወሎ መስጂድ ኮሚቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ፣ ከማፍረሱ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ «ይህን ቤት ምን ብናደርገው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ያ አንድ ጥያቄ ምሰሶውን ባዳነው ነበር።

ውድ አድማጮች፣ አሁን አንድ ሕያው ምሳሌ እንይ። የሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በመዝገቡ እንደተገለጸው ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በከተማዋ 82 መስጂዶች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። 102 የአውሊያ ቦታዎችም አሉ። የጀጎልን ግንብ ሲያነሱ ሐረሪዎች አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን ሳይጠቅሱ አያልፉም።

በዓለም ቅርስነት መመዝገብ ማለት ቅርሱ የውጭ ሰው ሆነ ማለት አይደለም። ባለቤትነቱ አይለወጥም። ትርጉሙ መንግሥት በዓለም ፊት «እጠብቀዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ ማለት ነው። ሆኖም ጀጎል እንደ ሐውልት ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ አይደለም። ሰው ይወለድበታል፣ ይዳርበታል፣ ይነግድበታል። ቅርሱ ያለው በየቤቱ ውስጥ ነው። «ጌ ጋር» የሚባለውን የሐረሪ ቤት ያየ ያውቀዋል፤ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የመቀመጫ ሥርዓት አላቸው። ይህን ቤት በየዓመቱ ኖራ የሚቀባው፣ ጣሪያውን የሚጠግነው ማነው? ባለሥልጣን መጥቶ አይቀባውም። የቤቱ እመቤትና ልጆቿ ናቸው።

አደጋውም የሚመጣው ከዚያው ከቤት ነው። ዩኔስኮ በጀጎል ላይ ያነሳቸው ሥጋቶች ቤቶቹን በሲሚንቶ መለሰን፣ የእንጨት በርን በብረት መቀየር፣ በየጣሪያው አንቴና መትከልና ባዕድ የግንባታ ዕቃ ማስገባት ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያደርገው ቤቱን የሚወድ ሰው ነው። ልጁ ከውጭ ገንዘብ ሲልክለት ቤቱን አሳመረ እንጂ አላፈረሰም።

እዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለብዙ አሮጌ መስጂዶች ይጠቅማልና። በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ የተሠራ ግድግዳ እርጥበት ይገባበታል፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲወጣ በዚያው በግድግዳው ገጽ መልሶ ይወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ስንለስነው መውጫውን እንዘጋዋለን። ከመሬት የሚወጣውና ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ በውስጥ ይጠራቀማል። ጭቃው ይላላል፣ ድንጋይ ከድንጋይ ይለያያል፣ ልስኑ ያብጥና እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ከውጭ የጠነከረ የሚመስለው ግድግዳ በውስጡ ይበሰብሳል። ስለዚህ አሮጌ ግድግዳ የሚጠገነው በተሠራበት ዓይነት ዕቃ ነው፤ ጭቃው በጭቃ፣ ኖራው በኖራ።

ይህን ከማሊ ሰዎች መማር እንችላለን። በጄኔ ከተማ በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠራ ትልቅ የጭቃ መስጂድ አለ። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ቀን ቆርጦ፣ ግንበኞቹ እየመሩት፣ ወጣቱ ጭቃ እያቀበለ፣ ሴቶቹ ውኃ እየቀዱ መስጂዱን እንደገና ይመርጉታል። ጭቃ ዘላቂ አይደለም የምንል ካለን፣ የዘለቀው በዚህ ትጋት ነው።

በዚያው በማሊ ግን ሌላም ነገር ሆኗል። በ2012 እ.ኤ.አ. የቲምቡክቱ ከተማን የያዙ ታጣቂዎች በዲን ስም የጥንት ዑለማዎችን የመቃብር ቤቶች አፈረሱ። ስለ መቃብር ግንባታ የዲኑን ብይን የሚናገሩ ዑለማዎች አሉ፤ ቦታው ያ ነው። በመዶሻ ተነስቶ የሕዝብን አማና ማፍረስ ግን የዕውቀት ሥራ አይደለም። ከታጣቂዎቹ አንዱ በ2016 እ.ኤ.አ. በሔግ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ቤቶቹ ግን እስከ 2015 ድረስ 14ቱ እንደገና ተሠሩ። የሠሯቸውም ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ የከተማዋ ግንበኞች ናቸው። ሙያው ባይኖር ኖሮ ገንዘቡ ብቻውን ምን ይፈይድ ነበር?

ይህ ጉዳይ ለኛም ሩቅ አይደለም። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ፣ ነጋሽ ላይ ያለውን የአል-ነጃሺ መስጂድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የተሰደዱትን ሶሐቦች ያስጠለለው፣ ሲሞትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው የሰገዱበት ንጉሥ መታሰቢያ ነው። በቱርኩ የልማት ድርጅት በቲካ ድጋፍ ተጠግኖ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት እንደተጀመረ ግን ተመታ፤ ሚናራው፣ ጉልላቱና የሶሐቦቹ መቃብር ተጎዱ። ያ ዜና የተሰማ ጊዜ ያላለቀሰ ማን ነበር? ጦርነትን እኔና እናንተ በቤታችን ሆነን ማስቆም አንችል ይሆናል። ነገር ግን አስቀድሞ የተለካ፣ ፎቶ የተነሳ፣ በዝርዝር የተመዘገበ ሕንፃ ቢመታ እንኳ ምን እንደነበረ ይታወቃል፤ ይጠገናል። ያልተመዘገበው ግን ከተመታ ሁለት ጊዜ ይሞታል። አንድ በመዶሻ፣ አንድ በመረሳት።

ከዜጎች ምን እንደሚጠበቅ ለማየት እንደገና ሐረርን ላንሳ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉት የከተማዋ ነዋሪ በየቤቱ የቀሩ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን፣ ጌጣጌጦችንና የቤት ዕቃዎችን በራሳቸው ወጪ ማሰባሰብ የጀመሩት ማንም ሳያዛቸው ነው። መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ነበር የሚያሳዩት። በኋላ ክልሉ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ታሪካዊ ሕንፃ ሰጣቸውና ሙዚየሙ በዚያ ሆነ። ግለሰቡ ቅርሱን አዳነ፤ መንግሥት ቤቱን ሰጠ። አንቀጽ 91 «የመንግሥትና የሁሉም ዜጎች» ያለው በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ታዲያ እኛ ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመስጂድ ኮሚቴ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ጠይቁ። መስጂዱ ጠቦ ከሆነና ቦታ ካለ አዲሱን ከጎን ሥሩት። አሮጌው ለቂርኣት፣ ለሴቶች መስገጃ ወይም ለኪታብ ማስቀመጫ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ በፊት ጣሪያውንና የውኃ መውረጃውን ጠግኑ። ከክረምት በፊት የተደፈነ አንድ ቀዳዳ ከክረምት በኋላ ከሚሰበሰብ ብዙ ሺህ ብር ይሻላል። ከመዋጮው ላይ በየዓመቱ ለጥገና ብቻ የሚሆን ድርሻ ለዩ። አባቶቻችን ወቅፍን ያቆዩት በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ወጣቶች፣ ስልካችሁ ካሜራ አለው። የመስጂዱን ምሰሶ፣ በር፣ ሚሕራብ፣ የተቀረጸ ጽሑፍ ሁሉ ፎቶ አንሱት። ሽማግሌዎቹን ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ እንጨቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ በስማቸው መዝግቡ። አንዱን ቅጂ ለኮሚቴው፣ አንዱን ለባህል ጽሕፈት ቤት ስጡ።

አራተኛ፣ በየቤቱ በሣጥን የተቀመጡ አሮጌ ኪታቦች አሉ። ለመጣ ገዢ ሁሉ አትሽጧቸው። ከእርጥበትና ከምስጥ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ አስመዝግቡ። ማስመዝገብ ማለት መነጠቅ አይደለም፤ ቢሰረቅ የኔ ነው የምትሉበት ማስረጃ ነው።

አምስተኛ፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአገራችሁ መስጂድ ስትልኩ «ምን አዲስ ይሠራ?» ብቻ ሳትሉ «ምን ይጠገን?» ብላችሁም ጠይቁ። ስማችሁ በእብነ በረድ ላይ ባይጻፍም አላህ ዘንድ ይጻፋል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለበት። ቃል የገባውን ይጠየቃል። ባለሙያ ይላክልን፣ መዝገብ ይኑረን፣ ከአቅም በላይ የሆነው ይታገዝ ብለን መጠየቅ መብታችን ነው። የምንጠይቀው ግን የራሳችንን ድርሻ እየተወጣን ሲሆን ነው የሚያምርብን።

ወደዚያ አባት ልመለስና ንግግሬን ላብቃ። ከማገዶው መካከል ያወጡትን ግንድ ወደ ቤታቸው ወስደው ከአልጋቸው ራስጌ አቁመውታል። ባለፈው ሳገኛቸው የቀረውን ጽሑፍ አንድ ደረሳ አንብቦላቸዋል። የሠራው ሰው ስም ሄዷል፤ ዓመቱም ሄዷል። የቀረው ሠሪው ለራሱና ለወላጆቹ ምሕረት የለመነበት ዱዓ ብቻ ነው። «ስሙን ባናውቀውም አሚን እንበልለት» አሉኝ። አሚን አልን።

አላህ አማናውን ከሚወጡት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።